አራት ጣት ትርፍ ያለው ወንበር

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የሸለመኝ ወንበር ነው። ቡናማ ቆዳ የለበሰ፣ ክንዱ ሰፊ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ትልቅ ወንበር። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ወደ ኋላ ገፋ ብዬ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይነካም፤ እግሬ መሬት እንዲነካ ወደፊት ስጠጋ ጀርባዬ ድጋፍ ያጣል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለልጆች ዊልቸር ስለካ የኖርኩ ሴት፣ ማንም ሳይለካኝ የተገዛ ወንበር ተሰጠኝ። አጨብጭበው ሲያስረክቡኝ ሳቅኩ። እነሱ የደስታ መስሏቸው የበለጠ አጨበጨቡ።

ቤት ከገባ በኋላ ግን አላሳቀኝም። ማታ ማታ ዜና ለማየት ስቀመጥበት ወደፊት ያንሸራትተኛል፤ ባንሸራተተኝ ቁጥር አንዲት ልጅ ትመጣብኛለች። ሰሚራ ትባላለች። ይህን የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው። ስለ ሥራዬ ባወራሁ ቁጥር ግን መድረሻዬ እሷ ነች፤ ሌሎቹን በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ልጆች ትታ እሷ ብቻ ለምን ትመጣለች ብዬ ራሴን መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የጀመርኩት በልብስ ስፌት ነው። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወርዱ ከነበሩት ጠባብ ሱቆች በአንዱ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ዛሬ ሱቁም ግድግዳውም የለም፤ ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ አበባም ተተክሎበታል። ያኔ ነሐሴ ሲጋመስ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ልጁን አቁሜ ሜትሬን ስዘረጋ ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ያድግበታል።» እኔም እችልበት ነበር። ኮቱን ሰፋ አድርጌ እቆርጥና የእጅጌውንም የታችኛውንም ጠርዝ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋዋለሁ። ልጁ ሲያድግ እናትየው ክሩን ፈትታ እጥፉን ትለቀዋለች። አንዱ ኮት ሦስት ዓመት ይለበሳል። «የአሰገደች ዩኒፎርም» በሰፈሩ የታወቀ ነበር፣ እኔም በዚያ እኮራ ነበር።

ዊልቸሩ ጋ የወሰደኝም ስፌቱ ነው። ከፒያሳ ወደ አምስት ኪሎ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከውጭ በኮንቴነር የሚመጡ ዊልቸሮችን እያስተካከለ ለልጆች የሚሰጥ ድርጅት ነበር። ስሙ ይቅር። የመቀመጫ ሸራና ትራስ የሚሰፋ ሰው ሲፈልጉ ጎረቤቴ ጠቆመችኝና ገባሁ። ደመወዙ ከሱቁ ብዙም አይሻልም፤ ግን በየወሩ የሚመጣ ነበር። ነሐሴ ሲመጣ ግን ማታ ማታ ቤቴ ዩኒፎርም መስፋቴን ለዓመታት አልተውኩም።

የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ። ብስክሌት ሲጠግኑ ያደጉ፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ የማይቸኩሉ ሰው። ስሜን ሳይጠሩ ዓመታት «አንቺ ልብስ ሰፊ» ሲሉኝ ኖሩ። በመጀመሪያው ቀን ሥራ አልሰጡኝም። ሁለት እጄን መዳፉን ወደ ላይ አድርጌ ከመቀመጫዬ ስር እንዳስገባና የእንጨት አግዳሚው ላይ እንድቀመጥ አደረጉኝ።

«ምን ይሰማሻል?»

«አጥንት። ሁለት አጥንት።»

«ሰው የሚቀመጠው በነሱ ላይ ነው። ቆይ፣ እጅሽን አታውጪ።» ዞር ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ተነቃነቅኩ። ይህን ሲጠብቁ ኖሯል። «አየሽ፣ ሲያምሽ ተነቃነቅሽ። እኛ ዘንድ ከሚመጡት ልጆች ግማሹ ከወገባቸው በታች አይሰማቸውም። የማይሰማው ልጅ አይነቃነቅም። ስለዚህ አንቺ ልታስቢለት ነው።»

ከሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃም። ክረምት ላይ ልጅ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ስር አስገብተው ያሞቃሉ። ልጁ ፊት ይንበረከኩና «ወንበሩ የማን ነው?» ይሉታል። እናትየው ቀድማ ከመለሰች በትህትና ያቆሟታል፤ «ይቆዩኝ እመቤት፣ ባለወንበሩን እያነጋገርኩ ነው።» ከዚያ ይለካሉ። የዳሌውን ስፋት፤ ከዳሌው ጀርባ እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ፤ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ። ልጁ ሲቀመጥ በጉልበቱ ማጠፊያና በመቀመጫው ጠርዝ መካከል ሁለት ጣት ይገባል። በዳሌው ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ መዳፍ ይገባል፤ ጡጫ ከገባ ወንበሩ ይመለሳል። በመጨረሻ መዳፋቸውን ከትራሱ ላይ ከልጁ ስር ያስገቡና አጥንቱ ጣታቸውን ምን ያህል እንደሚጫነው ያዳምጣሉ። እውነትም ማዳመጥ ነበር የሚመስለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሻይ ያስመጣሉ። ልጁ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እሳቸው አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ነው እንደገና «አሁንስ?» የሚሉት። አንድ ቀን ውጭ ሰልፉ ረዝሞ ሳለ ምነው ቶሎ ብንጨርስ አልኳቸው። «ልጅ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ጥሩ ነው ይልሻል፣ እንዳታምኚው» አሉኝ። «ሻዩ እስኪያልቅ ጠብቂው፣ ያኔ እውነቱን ይነግርሻል።»

እናቶች እዚህም ያችኑ ቃል ይዘው ነበር የሚመጡት። ያድግበታል። ጋሽ ሽፈራው ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። «አንቺ ልብስ ሰፊ፣ ንገሪያቸው እስቲ» ይሉኛል። «ኮት ሲሰፋ የሚታጠፈው ኮቱ ነው። ወንበር ሲሰፋ የሚታጠፈው ልጁ ነው።» ነገሩ እንዲህ ነው። ጎኑ የሰፋ ወንበር ላይ ልጁ ድጋፍ ፍለጋ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ዓመት ሳይሞላ አከርካሪው አብሮ ይዘነብላል። መቀመጫው የረዘመ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ጉልበቱን ከኋላ ስለሚገፋው ወደፊት ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ሁሉ ከወገቡ መጨረሻ ባለችው በትንሿ አጥንት ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ ሥጋ የለም፣ ቆዳ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ የርክክብ ሥነ ሥርዓት ይወድ ነበር። ሰላሳ ልጅ በአንድ ቀን አሰልፎ፣ ሪባን አስቆርጦ፣ ፎቶ አስነስቶ ያሰናብታል። እኔና ጋሽ ሽፈራው በሚቀጥለው ሳምንት ልኩ ያልሆነውን ሁሉ በጓሮ በር እያስገባን እንቀይር ነበር። ለዚህ የሚሞላ ቅጽ ስላልነበረ ማንም አያውቅም። ጋሽ ሽፈራው በዕድሜ ሲወጡ ልኬቱን ለኔ አስረከቡኝ። የሰጡኝ ምክር አልነበረም፤ ብርጭቆአቸውን ነው የተዉልኝ።

ዘይነብ የመጣችው እሳቸው ከወጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የእሪ በከንቱ ሰፈር ልጅ ነች፤ አባቷ ከወሎ መጥተው እዚያው ወልደው ያሳደጓት። ክርና ቁልፍ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር። ልጇ ሰሚራ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። አከርካሪዋ ሳይገጥም ነው የተወለደችው፤ ከወገቧ በታች አይሰማትም። እናቷ ስምንት ዓመት በጀርባዋ አዝላታለች፣ ያን ቀንም አዝላት ነው ግቢያችን የገባችው።

«እትዬ አሰገደች፣ አላስታወሱኝም አይደል?» አለችኝ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ለሙባረክ ዩኒፎርም ሰፍተውልኛል፣ ለታላቅየው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያን ኮት ነው የለበሰው።»

አላስታወስኳትም፤ ኮቱ ሦስት ዓመት መለበሱ ግን ደስ አለኝ። ሰሚራን ለካሁ። የዳሌዋ ስፋት ሃያ ስድስት ሳንቲም። መጋዘን ውስጥ የቀሩት ሁለት የልጅ ወንበሮች ነበሩ። የትንሹ ስፋት ሃያ ስምንት ነው፣ ልክ ለሷ የተሠራ። የትልቁ ሰላሳ ስድስት።

«ትንሹ ልኳ ነው» አልኩ።

«ስንት ዓመት ትቀመጥበታለች?»

«ሁለት። ቢበዛ ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና ወረፋ ትይዣለሽ።»

ዘይነብ ትልቁን ወንበር አየችው። «ይሄንን ለማግኘት አራት ዓመት ነው የጠበቅኩት፣ እትዬ። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተብለናል። የደረሰን ኮንዶሚኒየም ከከተማው ጫፍ ነው። እዚያ ከሄድኩ በኋላ ወረፋዬን ማን ያስታውስልኛል? አሥር ዓመት ሲሞላትስ ልሸከማት እችላለሁ? ወገቤ እኮ አልቋል።» የትልቁን መቀመጫ በእጇ ዳሰሰችው። «ትልቁን ይስጡኝ። ያድግባታል። እንደ ሙባረክ ኮት አጠፍ ያድርጉልኝ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ምን ብዬ እምቢ እንደምልም አውቃለሁ፣ የጋሽ ሽፈራውን አባባል ቃል በቃል። ግን የለመነችኝ የኔኑ ሙያ ነው፤ ስሜ የተጠራበትን፣ የምኮራበትን። በሰላሳ ስድስትና በሃያ ስምንት መካከል ያለው ስምንት ሳንቲም ደግሞ በእጅ ሲለካ አራት ጣት ነው። ልክ እንደ ኮቶቼ እጥፍ። ይህን ሳስተውል እግዜር ያሳየኝ ሁሉ መሰለኝ።

ሁለት ቀን ሰፋሁ። ለግራና ለቀኝ ጎን ሁለት ትራስ፣ ወደፊት እንድትጠጋ ለጀርባዋ አንድ ወፍራም ትራስ። ሁሉም በማሰሪያ የሚታሰሩ፣ ሲያስፈልግ የሚወልቁ ናቸው። ስታድግ መጀመሪያ የጎኖቹን፣ ቀጥሎ የጀርባውን ታወጣላችሁ ብዬ ለዘይነብ አሳየኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምር ሥራ ነበር።

ሰሚራን አስቀመጥናት። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። የአራዳ ልጅ ነች፣ ምላሷ ፈጣን ነው።

«እትዬ፣ ሌላ ልጅ አብሮኝ ሊቀመጥ ነው እንዴ?»

ሳቅን። ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ሳቁ። ዘይነብ ጉንጯን ነካ አድርጋ «ዝም በይ፣ ይልቅ አመስግኚ» አለቻት። ሰሚራም አመሰገነችኝ። ሻይ አላስመጣሁም። ውጭ አሥር ሰው ተሰልፏል፣ ቅጹም እየጠበቀኝ ነው። «ልኩ ትክክል ነው» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ሲወጡ ጎማውን ራሷ ለመግፋት ሞከረች፤ ክንዷን ወደ ጎን አብዝታ መዘርጋት ነበረባት። አይቻለሁ። ትለምደዋለች አልኩ።

በደንባችን መሠረት በሁለተኛው ወር ቤቷ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። በዚያው ሰሞን ግን ደሴ የተከፈተው ቅርንጫፍ ልኬት የሚያስተምር ሰው ፈለገና እኔ ተላክሁ። አምስት ወር ቆየሁ። ስመለስ ከሰሚራ ፋይል ውስጥ ቢሮ ያለች ልጅ የጻፈቻትን ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። «የሰሚራ እናት ደውላለች። ትራሶቹ በሽንቷ እየረጠቡ በክረምቱ አልደርቅ ብለዋል። ያለነሱ ብትቀመጥ ችግር አለው ወይ ብላለች።» ወረቀቷ ከተጻፈች ሁለት ወር አልፏታል። ለዘይነብ የመለሰላት ሰው አልነበረም። ጥፋቱን በዚያች ወረቀት ላይ ላላክክ እችል ነበር፤ ለሥራ አስኪያጁ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ እንደዚያው አድርጌያለሁ።

በማግሥቱ ወደ ተዛወሩበት ኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ምድር ቤት ነው። ወንበሩ ሳሎኑ ጥግ ቆሟል፣ ትራሶቹ መስኮቱ ላይ ተሰጥተዋል። ሰሚራ ፍራሽ ላይ በሆዷ ተኝታለች። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሽታው ነገረኝ። የቁስል ሽታ ሌላ ነገር አይመስልም።

«መጀመሪያ ቀይ ነገር ነበር፣ እንደ ሳንቲም» አለች ዘይነብ። «እርጥበቱ አቃጥሏት ነው ብዬ ቫዝሊን ቀባኋት። ከዚያ ተላጠ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ቅባት ሰጡን።»

ፋሻውን አነሳሁት። ቁስሉ ከወገቧ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጋሽ ሽፈራው ሲያስተምሩኝ በጣታቸው የነኩት ቦታ ላይ፣ አንድ ሳንቲም ዝንፍ ሳይል። ጥልቅ ነበር። ከውስጥ ነጭ ነገር አየሁ፤ ምን እንደሆነ አውቄ ፋሻውን መለስኩት።

«አያመኝም እኮ፣ እትዬ» አለችኝ ሰሚራ ፊቴን አይታ። ልታጽናናኝ ነው። «ወንበሩ ብቻ ያንሸራትተኛል።»

በዚያው ቀን ሆስፒታል አስገባናት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል። የቁስሉ መርዝ አጥንቷን አልፎ ደሟ ውስጥ ገብቷል አሉን። ሦስት ሳምንት ቆየች። በየቀኑ ሄጃለሁ፤ አንዱን ቀን ፀጉሯን ስሠራላት ስለ ነርሶቹ አረማመድ እየቀለደች አሳቀችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አረፈች።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ዘይነብና ሙባረክ ወንበሩን እየገፉ ግቢያችን መጡ። ታጥቧል፣ የጎማው ሽቦ ሳይቀር ተወልውሏል። ሦስቱ ትራሶች በላዩ ላይ ተደርድረዋል። ደርቀዋል።

«ለሌላ ልጅ ይሁን» አለችኝ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ እትዬ። በየቀኑ በገዛ እጄ እያጠብኳት ሳላየው ቀረሁ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«አላህ ያጽናሽ» አልኳት። «የአላህ ሥራ ነው። ራስሽን አትውቀሺ።»

ይህ ሁሉ ለሐዘንተኛ የሚባል ነው፣ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከኋላው ተደበቅሁበት። አፌን ከፍቼ ወንበሩ ነው፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሙባረክ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ነው፤ እናቱን በክንዱ ደግፎ ይዟት ወጣ። እኔም ቆሜ ሸኘኋቸው።

ጋሽ ሽፈራውን ፍለጋ አራት ኪሎ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ማኪያቶ የሚጠጡበት ቤት አለ። ለብቻ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አልተቆጡም። የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ስታስቀምጫት ልጅቷ ምን አለች?»

«ሌላ ልጅ አብሮኝ ሊቀመጥ ነው እንዴ አለች።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ነግራሽ ነበር እኮ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ «እናቷስ? ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ «አንቺ ልብስ ሰፊ» ብለውኝ አያውቁም። በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ቅጣቴ ይሄ ነበር ማለት ነው፣ እሳቸው እንደ ቅጣት ቆጥረውት ይሁን አይሁን ባላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድም ትልቅ ወንበር ለትንሽ ልጅ አልሰጠሁም፤ ለምነውኝ፣ አልቅሰውብኝ፣ ሰድበውኝም አልሰጠሁም። ያ ወንበር ዳሌው ለሰፋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ልኩ ሆነ። ወርክሾፑ ከፒያሳ ተነሣ፤ አሁን የሚለኩት በትምህርቱ የተመረቁ ወጣቶች ናቸው፣ ልኬቱን ስልካቸው ላይ ይመዘግባሉ። ጎበዞች ናቸው። የጋሽ ሽፈራውን ብርጭቆ ሰጥቻቸዋለሁ፣ የሚጠቀሙበት ከሆነ አላውቅም።

ዘይነብን ግን ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ኖርኩ። ባለፈው ጥቅምት የሸለሙኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደልማዴ ስንሸራተት ተነሥቼ ነጠላዬን ለበስኩ።

ያው ምድር ቤት ነው ያሉት። ዘይነብ ከስታለች፤ ከሻሿ ስር የሚታየው ፀጉሯ ሸብቷል። እንዳየችኝ አወቀችኝ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ሳትጠይቀኝ ጀመርኩት፤ ካለዚያ ያቅተኛል።

«ዘይነብ፣ ያንን ቁስል ያመጣው ወንበሩ ነው። ልኳ ትንሹ ነበር፣ እያወቅኩ ትልቁን ሰጠኋት። አንቺ ስላላየሽው አይደለም የሞተችው። ያን ቀን ልነግርሽ ሲገባኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ተነሥታ ሻይ አፈላች። ቀዳችልኝ፣ ለራሷም ቀዳች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሁለታችንም ጠጣን። ብርጭቆዬ ባዶ ሲሆን ተናገረች።

«ሰሚራ ነግራኝ ነበር» አለችኝ። «'እማ፣ ይሄ ወንበር ሰፍቶኛል' አለችኝ። ዝም በይ፣ ከሰሙ ይወስዱብሻል አልኳት።» ባዶ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኔ እናት ነኝ፣ እትዬ። ያድግባታል ማለት የኔ ነው። ለሙባረክም ብያለሁ፣ ለሷም አልኩ። ሜትሩ ግን በእርስዎ እጅ ነበር።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እጇን ዘርግታ ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለችኝ።